በሾዋክና በገዳሪፍ አካባቢ የመሬትና የፍርድ መዛግብት ቋንቋ፤ ከሲናር ሰነዶች እስከ መሬት ምዝገባ

1. መግቢያ

በሱዳን ከተሞች ቦታ የሚገዛ ወይም የሚወርስ ሰው ወደ መሬት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ሸሃደት ባሕስ» የሚባል ወረቀት ያወጣል። ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ «የፍለጋ ምስክር ወረቀት» ማለት ነው። ወረቀቱ ቦታው የማን እንደሆነ በራሱ አይፈርድም፤ መዝገቡ በዚያ ቀን ተፈልጎ ምን እንደተገኘበት ብቻ ይመሰክራል። ስለዚህ በመዝገቡ ያልገባ መብት፣ ሰዎች በአፋቸው ቢያውቁትም፣ በፍለጋው አይገኝም። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በምሥራቅ ሱዳን የመሬት መብት ከንግግር ወደ ጽሑፍ፣ ከአንዱ ቋንቋም ወደ ሌላው ሲሻገር ምን እንደቀረበትና ምን እንደተጨመረበት ነው።

ለጥናቱ የተመረጠው ስፍራ ሾዋክና አካባቢው ነው። ሾዋክ በገዳሪፍ ግዛት፣ ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአትባራ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ወንዙ በኢትዮጵያ በኩል ጓንግ ተብሎ ይነሣል፤ ተከዜም ሰቲት በሚለው ስሙ ይቀላቀለዋል። በወንዙ ግራና ቀኝ ያለውን በጎርፍ የተቦረቦረ ምድር የአገሩ ሰዎች «ከረብ» ይሉታል፤ ጎርፍ ሲሸሽ የሚዘራበትን የዳር መሬት «ጁሩፍ»፣ በዝናብ የሚታረሰውን የመንደር ማሳ ደግሞ «ቢልዳት» ይሉታል። አገሩ የሹክሪያ ዐረቦች የግጦሽ ምድር በሆነው በቡታና ሜዳ ጠርዝ ላይ ያለ ሲሆን፣ ዐረብኛ፣ በጃ፣ ትግረ፣ ሐውሳ፣ ትግርኛና አማርኛ ይነገርበታል። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አንባቢዎች ሾዋክን ይበልጥ የሚያውቋት በ1980ዎቹ የሱዳን የስደተኞች ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት የምሥራቁን ሥራ ይመራባት ስለነበረ ነው።

ጽሑፉ የሚቆመው በታተሙ የመሬት ሰነዶችና በወጡ ሕጎች ላይ ነው። ዓመታቱ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

2. ሁለት የሰነድ ልማዶች፤ ሲናርና ጎንደር

ከቅኝ ግዛት ዘመን በፊት ይህ አገር መሬትን በጽሑፍ በሚሰጡ ሁለት መንግሥታት መካከል ነበር። በምዕራብ የሲናር የፉንጅ ሱልጣኖች፣ በምሥራቅ የጎንደር ነገሥታት ነበሩ። ሁለቱ በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ በዘመተበት ጊዜ በጦር ተገናኝተዋል፤ ድሉም የሲናር ሆነ። በሁለቱም ዘንድ የመሬት ሰነድ መጻፍ የተበራከተው በዚያው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

የሲናር ሰነዶች ለጥናት የበቁት በአብዛኛው በመሐመድ ኢብራሂም አቡ ሰሊም ድካም ነው። አቡ ሰሊም የካርቱምን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የመሩ ታሪክ ጸሐፊ ሲሆኑ፣ ስለ ፉንጅና ስለ መሬት ያዘጋጁትን የሰነዶች ስብስብ በ1967 አሳትመዋል። በ1989 ደግሞ ከጄይ ስፖልዲንግ ጋር ሆነው የሲናርን የመንግሥት ሰነዶች ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር አወጡ። ሰነዶቹ በዐረብኛ የተጻፉ ናቸው። በመጀመሪያ ምስጋናና ማኅተም ይገኛል፤ ቀጥሎ ሰጪውና ተቀባዩ ይጠቀሳሉ፤ ከዚያ የመሬቱ ወሰን በአራቱ ማዕዘን ይነገራል፤ ተቀባዩ ነጻ የሚሆንባቸው የግብር ዓይነቶች በስም ይዘረዘራሉ፤ በመጨረሻም በቦታው የነበሩ መኳንንት ምስክር ሆነው ይጻፋሉ። ለቋንቋ አጥኚ ትልቁ ሀብት የሹመትና የግብር ስሞች ናቸው። «ማንጅል»ን የመሰሉ የማዕረግ ስሞች ከዐረብኛ ሥር የማይወጡ ናቸው። ጸሐፊው የሃይማኖትንና የሕግን ቃል በዐረብኛ ሲጽፍ፣ የአገሩን ሥልጣን ግን በአገሩ ስም ከመጥራት ሌላ አማራጭ አልነበረውም።

በጎንደር በኩል ሰነዱ የሚገኘው በብዛት በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት፣ በተለይም በወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ነው። ዶናልድ ክራሚና የሥራ ባልደረቦቹ እነዚህን ጽሑፎች በማይክሮፊልም ሰብስበው አጥንተዋል፤ የክራሚ ዋና መጽሐፍ በ2000 ታትሟል። የንጉሥ ስጦታዎች የግዕዝ ቀመር ይከተላሉ፤ የሪም መሬት ሽያጭ፣ ኑዛዜና የክርክር ስምምነት ግን ወደ አማርኛ ያዘነብላሉ። በነዚህ ውስጥ ሻጭና ገዢ ብቻ ሳይሆኑ ዋሱ፣ ዳኛውና ምስክሮቹ በስማቸው ይገኛሉ።

ሁለቱን ልማዶች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ሃይማኖታቸውና ፊደላቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ አሠራራቸው እጅግ መመሳሰሉን ያስተውላል። በሁለቱም መብቱን የሚያጸናው ሰነዱ ብቻውን አይደለም፤ የተሰበሰበው ሕዝብ ነው። የምስክሮች ዝርዝር ጌጥ ሳይሆን የሰነዱ ጉልበት ነው። ወረቀቱ ቢጠፋ ምስክሮቹ ወይም ልጆቻቸው ይናገራሉ፤ ምስክሮቹ ቢያልፉ ወረቀቱ ይናገራል። ሰነዱን የሚያፈርስ ሰው ደግሞ በምድር ዳኛ ብቻ ሳይሆን በእግዚአብሔር ፊት ተጠያቂ መሆኑ ይነገረዋል፤ በጎንደር በኩል ይህ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን በሚነገር ውግዘት ይታሰራል። ስለዚህ እነዚህ ሰነዶች የተጻፉት ጮክ ተብለው እንዲነበቡ ነበር። ቋንቋቸውም የተሰብሳቢ ቋንቋ ነው።

3. «ባዶ» መሬት በሦስት ቋንቋ

በ1898 የማህዲያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የመጣው የእንግሊዝና የግብፅ አስተዳደር ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ይዞ መጣ። በ1899 የወጣው የመሬት ባለቤትነት ድንጋጌ አንድን መሬት ከአቤቱታው ቀን በፊት አምስት ዓመት ሳያቋርጥ የያዘ ሰው ፍጹም ባለቤት እንዲሆን ፈቀደ። በጽሑፍ ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ድንጋጌው የወጣበትን ጊዜ ማስታወስ ያስፈልጋል። ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ ሱዳን «ሰነት ሲታ» በሚባለው ረኃብ፣ ኢትዮጵያም «ክፉ ቀን» በምንለው ዘመን ተመትተው ነበር። የመተማ ጦርነትም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ተደርጎ ነበር። የድንበሩ አገር ሰው ግማሹ ሞቷል፤ ግማሹ ተሰድዷል። እንዲህ ባለው ምድር «ሳያቋርጥ» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙውን ባለመብት ከመዝገቡ ደጃፍ ይመልስ ነበር።

ከዚህ የሚከብደው የ1905 የመሬት ድልድል ድንጋጌ ነው። ይህ ሕግ ጠፍ፣ ደንና ያልተያዘ መሬት ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ የመንግሥት ነው ተብሎ እንዲገመት ደነገገ። በ1925 የወጣው የመሬት ድልድልና ምዝገባ ድንጋጌም በዚሁ ግምት ላይ ቆመ። እዚህ ላይ «ጠፍ» ብለን የተረጎምነው የእንግሊዝኛው «ዌስት» የሚለው ቃል ነው። ትርጉሙ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብም ከዚህ ይጀምራል።

በእንግሊዝኛው የሕግ ቋንቋ ቃሉ ማንም ያላለማውን፣ ስለዚህም የማንም ያልሆነውን መሬት ይጠቁማል። መነሻው ባዶነት ነው። በእስልምና ሕግ የሚቀርበው ቃል «መዋት» ማለትም «የሞተ መሬት» ነው። የሞተ ነገር ግን ሊነሣ ይችላል፤ ሕጉም የሞተ መሬትን ሕያው ያደረገ ሰው፣ እንደ መዝሀቡ የገዢ ፈቃድ ቢያስፈልገውም፣ መብት እንደሚያገኝ ያስተምራል። ስለዚህ «ዌስት» የሚለው ቃል መሬቱን ለመንግሥት ሲያስረክብ፣ «መዋት» የሚለው ቃል ለሚያለማው ሰው በር ይከፍታል። የአማርኛው «ጠፍ» ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ከ«ጠፋ» ግሥ ጋር የተዛመደ በመሆኑ መሬቱ ባለቤት ነበረው፤ ባለቤቱ ሞቷል፣ ተሰዷል ወይም ግብር መክፈል አቅቶታል ማለት ነው። ጠፍ መሬት ታሪክ ያለው መሬት ነው፤ የጠፋው ሰው ወይም ዘሩ ተመልሶ ሊጠይቅ እንደሚችል ቃሉ በውስጡ ይዟል።

ሦስቱ ቃላት በመዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ተርጓሚም አንዱን በሌላው ቢተካ ማንም አይቆጣውም። በመሬት ጉዳይ ግን አንዱ ቃል ያለፈውን፣ ሌላው የሚመጣውን፣ ሦስተኛው መንግሥትን ባለመብት ያደርጋል። ከረሃቡ በኋላ የቀረው የገዳሪፍ ምድር ለኢትዮጵያዊ ገበሬ ጆሮ ጠፍ፣ ለእስልምና ዳኛ ጆሮ መዋት፣ ለመሬት ድልድል ሹም ደግሞ ዌስት ነበር። በመዝገብ የገባው የመጨረሻው ነው።

ውጤቱ ዘግይቶ ታየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ሠራዊት እህል ያስፈልግ ስለነበር፣ በ1944 በገዳሪፍ አካባቢ ጋዳምባሊያ በምትባል ስፍራ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ ተጀመረ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ መሬቱ እየተሸነሸነ አንድ ሺህ ፈዳን፣ ማለትም 420 ሄክታር ገደማ፣ በሆነ ቁራጭ ለግል ባለሀብቶች በኪራይ መሰጠት ያዘ። ለዚህ ሁሉ መሠረቱ መሬቱ በመዝገብ የመንግሥት መሆኑ ነበር። የእረኞቹ መንገድ፣ የመንደሮቹ ቢልዳትና የውኃ ጉድጓዶቹ መብት በአፍ የታወቀ እንጂ የተጻፈ አልነበረም።

በ1970 የወጣው የተመዘገበ ያልሆነ መሬት ሕግ ነገሩን ወደ መጨረሻው አደረሰው። በዚህ ሕግ መሠረት እስከዚያ ቀን ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ፣ የተያዘም ቢሆን ያልተያዘ፣ የመንግሥት ንብረት ሆኖ በመንግሥት ስም እንደተመዘገበ ይቆጠራል። «እንደተመዘገበ ይቆጠራል» የሚለው አነጋገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ማንም ብዕር ሳያነሣ፣ ማንም ወሰን ሳይረግጥ፣ ማንም ምስክር ሳይጠራ የተጻፈ መዝገብ ነው። የሲናርና የጎንደር ሰነድ ጉልበቱ ከተሰብሳቢው ሲሆን፣ የዚህኛው ጉልበት ግን ማንም ካለመሰብሰቡ ነው። ሕጉ በ1984 በፍትሐ ብሔር ግብይት ሕግ ቢተካም መርሁ አልተለወጠም።

4. የናዚሩ ችሎት

መሬት በመዝገብ ስም ባይኖረውም ሰዎች ስለ መሬት መከራከራቸውን አላቆሙም። ክርክሩ የሚሰማው በአገር ችሎት ነበር። አስተዳደሩ በ1922 ለዘላን ሼኮች፣ በ1927 ለሌሎች ሼኮች የዳኝነት ሥልጣን ሰጠ፤ በ1932 የአገር ፍርድ ቤቶች ድንጋጌ ሁሉንም በአንድ ሥርዓት አደራጀ። በቡታና የሹክሪያው ናዚር፣ ከእሱም በታች ኡምዳዎችና ሼኮች ተቀመጡ። ናዚርነቱ የአቡ ሲን ቤተሰብ ነበር፤ ገዳሪፍ ራሷ በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ሱቅ አቡ ሲን»፣ ማለትም የአቡ ሲን ገበያ፣ ትባል ነበር።

የእነዚህ ችሎቶች መዝገብ ለቋንቋ ታሪክ ከመሬት መዝገቡ ይልቅ ሀብታም ነው፤ የሰው ድምፅ የሚሰማው እዚያ ስለሆነ። ይሁን እንጂ ድምፁ ሳይለወጥ አልደረሰንም። ተከራካሪው በበጃ፣ በሐውሳ ወይም በአማርኛ ተናግሮ ሊሆን ይችላል፤ ናዚሩ የሚሰማው በቡታና ዐረብኛ ነው፤ ጸሐፊው የሚጽፈው በሕግ ዐረብኛ ነው፤ ውሳኔው ይግባኝ ሲባልበት የአውራጃው እንግሊዛዊ ሹም የሚያነበውና የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። በያንዳንዱ እርከን «እኔ» የሚለው «እሱ» ይሆናል፤ «አባቴ እዚህ ጉድጓድ ቆፈረ» የሚለው «ከሳሽ የቀደመ ይዞታ አለኝ ይላል» ወደሚለው ይለወጣል። አቤቱታው በጽሑፍ ከሆነም ከባለጉዳዩ አፍ የሚቀበለው «ዐርድሐልጂ»፣ እኛ ራፖር ጸሐፊ የምንለው ሰው፣ አስቀድሞ ባለው ቀመር ያለብሰዋል። የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በበላ ልበልሃ ሙግት ቃሉ፣ ዜማውና ምሳሌው ራሱ ማስረጃ ነበር፤ ክርክሩ በመዝገብ ሲገባ ግን የሚቀረው የተጠየቀውና የተፈረደው ብቻ ነው።

በዚህ መተላለፊያ እጅግ የተጎዳው ቃል «ዳር» ይመስለኛል። ቃሉ በዐረብኛ ቤት ማለት ነው፤ በቡታና ሲነገር ግን አንድ ነገድ ባለቤት ሆኖ ሌላውን እንደ እንግዳ የሚያስተናግድበት አገር ነው። ከሐጃዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት ረሻይዳዎች፣ ዳር ያላቸው ስላልነበሩ፣ የሹክሪያ እንግዳ ሆነው ከብታቸውን ያሰማሩ ነበር። እንግዳ ውኃ ይጠጣል፣ ሣር ያስግጣል፤ ጉድጓድ ለመቆፈር ግን ይጠይቃል። ባለቤትም ያለ ምክንያት አይከለክልም፤ ቢከለክል ቤተኝነቱ ይጎድላል። ስለዚህ «ዳር» የሚለው ቃል መብትንና ግዴታን አንድ ላይ የሚሸከም የእንግድነት ቃል ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሰነድ «የነገድ ክልል» ሲሆን ግን በካርታ ላይ የሚሰመር ወሰን ይሆናል፤ እንግድነቱ ይቀርና ውስጥና ውጭ ብቻ ይተርፋል።

በአማርኛው በኩል «ርስት» ተመሳሳይ ችግር ገጥሞታል። አለን ሆበን በ1973 ስለ አማራ የመሬት ሥሪት በጻፈው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ «ርስት» አንድ ጊዜ ከአቅኚ አባት በመወለድ የሚገኘውን የመጠየቅ መብት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰውየው በእጁ የያዘውን ማሳ ያመለክታል። ርስት ያለው ሰው ማሳ ላይኖረው ይችላል፤ ርስቱ ግን አልጠፋም። መዝገብ የሚመዘግበው ማሳን ነው። በመሆኑም ሁለቱን ትርጉም በአንድ ቃል የያዘ ቋንቋ፣ አንዱን ብቻ በሚጽፍ መዝገብ ፊት ሲቆም ግማሹን መብት ያጣል።

የናዚሮቹ አስተዳደር በ1971 በሕግ ተሻረ፤ ኋላም በልዩ ልዩ መልክ ተመልሷል። ችሎቱ በመሻሩ የጠፋው ዳኝነቱ ብቻ አይደለም፤ ዳርንና ጉድጓድን በስማቸው እየጠራ የሚጽፍ የመጨረሻው መዝገብ ጭምር ነው።

5. ሁለት ሕዝብ በአንድ ወንዝ፤ ኻሽም አል-ጊርባ

እስካሁን የተባለው የቃላት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየው ከሾዋክ በታች፣ በዚያው በአትባራ ወንዝ የተፈጸመው ነገር ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ የዋዲ ሐልፋን ምድር ሊያሰጥም በሆነ ጊዜ፣ ግብፅና ሱዳን በ1959 ባደረጉት የዓባይ ውኃ ስምምነት ግብፅ ለሚነሡት ሰዎች ማቋቋሚያ 15 ሚሊዮን የግብፅ ፓውንድ ለሱዳን ለመክፈል ተስማማች። ሃምሳ ሺህ ገደማ የሚሆኑ ኑብያውያን ከሰሜን ተነሥተው ወደ ቡታና መጡ። ለእነሱ የመስኖ እርሻ እንዲሆን በአትባራ ላይ የኻሽም አል-ጊርባ ግድብ ተሠርቶ በ1964 ተጠናቀቀ፤ ሰፈራውም «አዲስ ሐልፋ» ተባለ።

የኑብያውያኑ መሬት በናይል ዳር የነበረና ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ የተለካና የተመዘገበ ነበር። የማሳ ድርሻ፣ የሳቂያ ድርሻ፣ የተምር ዛፍ ድርሻ ሳይቀር በክፍልፋይ ቁጥር ይመዘገብ ነበር። ስለዚህ ሲነሡ መዝገባቸው አብሯቸው ተነሣ፤ ለተመዘገበላቸው የግል መሬት ካሳ በአዲሱ ስፍራ እጥፍ ሆኖ በፍጹም ባለቤትነት ተሰጣቸው፤ በተጨማሪም የመስኖ ተከራይነት አገኙ። አገሩ ዳራቸው የነበረው ሹክሪያና ሌሎች የቡታና እረኞች ግን የሚያሳዩት መዝገብ አልነበራቸውም። የቀረበላቸው በራሳቸው ግጦሽ ላይ የመስኖ ተከራይ መሆን ነበር።

ይህን ስንል የኑብያውያኑን ጉዳት ለማቃለል አይደለም። አገራቸው ከነመቃብራቸው በውኃ ተውጧል፤ ያንን የሚተካ ካሳ የለም። ለጥናታችን የሚጠቅመው ግን ንጽጽሩ ነው። በአንድ ሜዳ ላይ የተገናኙት ሁለቱም ሕዝቦች ጥንታዊ መብት ነበራቸው። አንደኛው መብት መዝገቡ ሊጽፈው በሚችል ቃል፣ ማለትም በቁጥር፣ በድርሻና በዛፍ፣ የሚነገር ነበር። ሁለተኛው በዳር፣ በጉድጓድና በእንግድነት የሚነገር ነበር። የተተረጎመው መብት ካሳ አገኘ፤ ያልተተረጎመው ለቀቀ።

ታሪኩ በዚያ አላበቃም። በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ፣ ከሾዋክ በላይ፣ የተሠሩት መንትያ ግድቦች በ2017 ተመርቀዋል፤ በወንዙ ዳር የነበሩ መንደሮችም ወደ አዲስ ሰፈራ ተዛውረዋል። የጁሩፍ እርሻ በየዓመቱ ጎርፍ የሚያሰፋውና የሚያጠበው ነው፤ ይህን መሬት በአንድ ቁጥር መመዝገብ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው የሾዋክን ገበሬ ቃል መስማት ይኖርበታል።

6. የድንበሩ መስመርና ሁለቱ መዝገቦች

ከሾዋክ ወደ ምሥራቅ፣ በአትባራ፣ በሰቲትና በኢትዮጵያ ድንበር መካከል ያለው ለም መሬት አል ፋሽቃ ይባላል። እዚህ የመዝገብ ችግር የሁለት መንግሥታት ችግር ይሆናል።

የድንበሩ ውል በአዲስ አበባ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዙ መልእክተኛ በጆን ሌን ሃሪንግተን መካከል ተፈርሟል። ውሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ከዚያ ዐሥራ ሦስት ዓመት ቀድሞ የተፈረመው የውጫሌ ውል በአንድ አንቀጽ የአማርኛና የጣልያንኛ ቃል ልዩነት ምክንያት ጦርነት እንዳስከተለ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች መንገር አያሻም። በ1894ቱ ውል መሠረት መስመሩን በምድር ላይ ያመለከተው እንግሊዛዊው መኮንን ቻርልስ ግዊን ነው፤ ይህም በ1903 የኢትዮጵያ ተወካዮች በሌሉበት ተፈጸመ። ቀደም ባለው የሰነድ ልማድ ዓይን ሲታይ ይህ ወሰን ከአንደኛው ወገን ምስክር የሌለው ወሰን ነበር። ክርክሩ ለረጅም ዘመን መቆየቱ በከፊል ከዚህ የመጣ ነው።

ሁለቱ መንግሥታት በ1972 ደብዳቤ ተለዋውጠው የግዊንን መስመር መነሻ ለማድረግ ሲስማሙ፣ በታረሰው አካባቢ ግን መፍትሔ እስኪገኝ ነባሩ ሁኔታ እንዲጠበቅ ወሰኑ። «ነባሩ ሁኔታ» የሚለው ሐረግ በውሉ ቋንቋ ጊዜያዊ ነው። ለሚያርሰው ሰው ግን የዕድሜ ልክ ኑሮ ነው። ከኢትዮጵያ በኩል የሚያርሰው ገበሬ በእጁ ያለው በአማርኛ የተጻፈ የግብር ደረሰኝ ነው፤ ከሱዳን በኩል ያለው ባለሀብት በእጁ ያለው በዐረብኛ የተጻፈ የኪራይ ውል ነው። በአማራ ክልል ከ2003 ጀምሮ የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር እስከ ድንበሩ ጫፍ ሲደርስ፣ የገዳሪፍ መዝገብ ደግሞ ከሌላው ወገን መጥቶ ይገናኘዋል። ሁለቱ መዝገቦች አንዱ ሌላውን አያነብም። በ2020 መጨረሻ የሱዳን ጦር ወደ ስፍራው በገባ ጊዜ ነባሩ ሁኔታ ተለወጠ፤ ብዙ አራሾችም ተፈናቀሉ። በነዚያው ወራት ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሐምዳይት በኩል ገብተው በኡም ራኩባና በሌሎች መጠለያዎች ሰፍረዋል። ዛሬ በገዳሪፍ ግዛት አማርኛና ትግርኛ የሚናገር ሰው መሬቱን ስለማጣቱ ሲናገር የሚጠቀምባቸው ቃላት በየትኛውም መዝገብ ያልገቡ ናቸው።

መንግሥታቱ የትኛውን መስመር እንደሚያጸኑ መወሰን የቋንቋ ጥናት ተግባር አይደለም። ነገር ግን ማንኛውም ወደፊት የሚደረግ ድርድር በነዚህ ሰነዶች ቃል ላይ ስለሚቆም፣ ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

7. የመዛግብቱ ዕጣና የቋንቋ አጥኚው ድርሻ

የካርቱም ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በአፍሪካ ካሉት ሀብታም ስብስቦች አንዱ ነው። ፒተር ሆልት በ1958 ያሳተመው የማህዲያ መንግሥት ታሪክ እዚያ በተሰበሰቡት በዐረብኛ የተጻፉ ሰነዶች ላይ የተመሠረተ ነው። የእንግሊዝ ሹማምንት የግል ወረቀቶች በ1957 በተመሠረተው የዱራም ዩኒቨርሲቲ የሱዳን መዝገብ ይገኛሉ። ስለዚህ የሹሙን ማስታወሻ እንግሊዝ አገር ሄዶ ማንበብ ይቻላል፤ የባለጉዳዩን አቤቱታ፣ የችሎቱን መዝገብና የመሬት ምዝገባውን ደብተር ግን በሱዳን ውስጥ ከተቀመጠበት ሌላ ማግኘት አይቻልም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ። የኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቃጥሏል፤ ቤተ መዛግብቱም በጦር ሜዳ መካከል ቀረ። ከካርቱም የሸሹ ብዙ ሰዎች ገዳሪፍ ገቡ። ቤታቸውን ጥለው የወጡ ሰዎች አንድ ቀን ተመልሰው «ሸሃደት ባሕስ» ሊጠይቁ ይችላሉ። ያን ጊዜ የሚፈለገው መዝገብ መገኘቱ የታሪክ ጸሐፊ ፍላጎት ብቻ አይሆንም።

በዚህ ሁኔታ የአካባቢ ቋንቋዎች አጥኚ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ሦስት ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው የመሬት ቃላትን መሰብሰብ ነው፤ ይህም «ዳር»፣ «ቢልዳት»፣ «ጁሩፍ»፣ «ጠፍ»፣ «ርስት» እና የመሳሰሉትን በአንድ ቃል ፍቺ ሳይሆን ቃሉ ለማን መብት፣ በማን ላይ ግዴታ እንደሚጥል በማስረዳት የሚዘጋጅ መሆን አለበት። ሁለተኛው የችሎት ሰነድን ሲያትሙ ተናጋሪውን፣ ጸሐፊውንና ሕጉን በየራሳቸው ዓምድ መለየት ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ከማን አፍ ወጥቶ በማን እጅ እንደተጻፈ ካልተለየ፣ የጸሐፊውን ቀመር የገበሬው ቃል አድርገን እናነባለን። ሦስተኛው በሾዋክ፣ በገዳሪፍ፣ በመተማና በመጠለያዎቹ የሚኖሩ አዛውንት ስለ ወሰን፣ ስለ ጉድጓድና ስለ እንግድነት የሚያውቁትን በራሳቸው ቋንቋ መቅዳት ነው። ወረቀቱ ሲጠፋ ምስክሩ ይናገራል የሚለው የጥንቱ ሥርዓት አሁንም ይሠራል፤ ምስክሮቹ እስካሉ ድረስ።

8. ማጠቃለያ

በሾዋክ ዙሪያ ያለው ምድር በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ በግዕዝ፣ በአማርኛ፣ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ተጽፏል። የጥንቶቹ ሰነዶች የተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ተነበው በምስክር የጸኑ ሲሆኑ፣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መዝገብ በመዝገብነቱ ብቻ የጸና ሆነ። በዚህ ሽግግር የጠፋው ብዙ ጊዜ መሬቱ ራሱ ሳይሆን የመሬቱ ቃል ነበር፤ መሬቱ ከቃሉ በኋላ ሄደ። የጋዳምባሊያ እርሻ፣ የኻሽም አል-ጊርባ ሰፈራና የአል ፋሽቃ ክርክር ይህን በየተራ ያሳያሉ። በመሆኑም የመሬት መዝገብን በቋንቋ ዓይን ማንበብ ለታሪክ ጥናት የሚጨመር ትርፍ ሥራ አይደለም። ማን ባለቤት እንደነበረ የሚጠይቅ ሰው፣ ባለቤትነት በየትኛው ቋንቋ በየትኛው ቃል ይጠራ እንደነበር አስቀድሞ ማወቅ አለበት።